ትከሻውን ሁለት ሺህኛ ኢንች ብቻ መግፋት፦ የሄድስፔስ አለካክና የቀለሃ ልክ አመላለስ ለባለ ማቀባበያ ጠመንጃ

የተተኮሰው ቀለሃ፣ ከመቀመጫው (ከታችኛው ወፍራም ጫፉ) አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ፣ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ደማቅ መስመር ይዞ ወጣ። መስመሩ ከጸጉር ብዙም አይወፍርም። ጫፉን ያጠፍሁትን ቀጭን ሽቦ በአፉ አስገብቼ የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ስዳብሰው፣ ከመስመሩ ትይዩ ላይ ሽቦው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ያዝ አለ። ቀለሃውን ሞርሳ ላይ አስሬ በብረት መጋዝ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቅሁት። የናሱ ግድግዳ መስመሩ ጋ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሳስቷል። አንድ ጊዜ ደግሜ ሞልቼ ብተኩሰው ኖሮ ለሁለት ይበጠስ ነበር። ታችኛው ግማሽ ተስቦ ሲወጣ ላይኛው ጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ክፉ ቀን ከሆነ ደግሞ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ያ ቀለሃ የተተኮሰው አራት ጊዜ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የናሱም የጠመንጃውም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ዳዩን፣ ማለትም የተተኮሰውን ቀለሃ ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልሰውን የብረት ቅርጽ፣ ስገዛ በሣጥኑ ውስጥ ያገኘኋት ወረቀት «ዳዩ ቀለሃ መያዣውን እስኪነካ ድረስ ያውርዱት፤ ከዚያ ሩብ ዙር ይጨምሩ» ትላለች። እኔም ታዛዥ ሆኜ ጨመርሁ፤ ሳልለካ። ወረቀቷ የተጻፈችው ያንን ዳይ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ነው፤ የእኔን ጠመንጃ አታውቀውም። ዳዩን እስከ የት ማውረድ እንዳለብን የሚነግረን ከራሳችን ጠመንጃ ተተኩሶ የወጣው ቀለሃ ነው፤ ይህን የተማርሁት ያንን ናስ ከሰነጠቅሁ በኋላ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው፤ በመጸው ወራት ኤልክና አጋዘን አድናለሁ። አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ የአደን ጓደኞቼ ይህንኑ ጉዳይ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራሱ መጠቀሚያ ጥይት መልሶ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ የሚያመርት ግን ይጠየቃል። ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ አስቀድማችሁ እዩ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ እዚህ የተጻፈውን ወደዚያ መውሰድ አይቻልም። ስለ ባሩድ መጠንም አንድም ቃል አልጽፍም፤ እሱ ከባሩዱ አምራች ሠንጠረዥ ብቻ የሚወሰድ ነገር ነው።

ለምሳሌ የያዝሁት 308 ዊንቸስተርን ነው። በ1952 ለገበያ የወጣ፣ ዛሬም በአሜሪካ አዳኞች እጅ በብዛት የሚገኝ ጥይት ነው። ትከሻ፣ ማለትም የቀለሃው ሆድ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ተዳፋት፣ ያለው ጥይት ከሆነ ቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ሄድስፔስ ምንድን ነው?

አማርኛ ለጠመንጃ የቃል ድሃ አይደለም። ጠመንጃ ይጎርሳል፣ ይቀባበላል፣ ቃታው ይሳባል፣ መርፌው ይመታል፣ አፈሙዙ ይተፋል። ለሄድስፔስ ግን ቃል አላገኘሁለትም፤ እንዳለ ልጠቀምበት። ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ክፍል መጉረሻ፣ ከኋላ የሚዘጋውንና የሚቆልፈውን ብረት ማቀባበያ እላለሁ።

ማቀባበያው ተዘግቶ ሲቆለፍ፣ ከማቀባበያው ፊት አንሥቶ ቀለሃው ወደ ፊት እንዳይሄድ እስከሚያቆመው ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ሄድስፔስ ይባላል። በ308 የሚያቆመው የመጉረሻው ትከሻ ነው። ትከሻ ተዳፋት ስለሆነ «ከየቱ ነጥብ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱ ተዳፋቱ 0.400 ኢንች (10.16 ሚሊ ሜትር) ስፋት ያለው ክብ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው። ደረጃ አውጪው ሳሚ የተባለው የአሜሪካ አምራቾች ተቋም ያስቀመጠው የመጉረሻ ትንሹ ልክ 1.630 ኢንች፣ ማለትም 41.40 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሄድስፔስ የጠመንጃው ነው። በቀለሃው ላይ ያለው ደግሞ ከመቀመጫው እስከ ትከሻው ያለው ርቀት ነው፤ የትከሻ ልክ እንበለው። የሁለቱ ልዩነት ትርፍ ክፍተት ነው። ቤት ውስጥ በፕሬስ (ቀለሃውን ዳዩ ውስጥ በሚገፋው ባለ እጀታ መሣሪያ) እና በዳይ የምንቀይረው የቀለሃውን የትከሻ ልክ እንጂ የጠመንጃውን ሄድስፔስ አይደለም። ጠመንጃው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ትከሻውን አብዝተን በመግፋት ብቻ ሄድስፔሱ የተበላሸ ጠመንጃ የሚያደርሰውን ጉዳት በቀለሃው ላይ ልናደርስ እንችላለን። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ናሱ የሚሳሳበት መንገድ እንዲህ ነው። መርፌው ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ካፕሱል ሲመታ ቀለሃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ትከሻው እስኪያርፍ ይሄዳል፤ ትርፍ ክፍተቱ ከኋላ ይቀራል። ባሩዱ ሲቀጣጠል ግፊቱ የቀለሃውን ስስ የፊት ግድግዳ ከመጉረሻው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ወፍራሙ መቀመጫ ግን አይጣበቅም፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ይነዳውና ማቀባበያው ላይ ያሳርፈዋል። ፊቱ ተይዟል፣ ኋላው ሄዷል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ናስ ይለጠጣል። በሚቀጥለው ጊዜ እኛ ትከሻውን መልሰን እንገፋዋለን፤ ሲተኮስ እዚያው ቦታ ላይ ዳግም ይለጠጣል። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመን ብናጥፈው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ ጠመንጃውን

አዲስ ጠመንጃ ከታወቀ ሻጭ የገዛ ሰው ይህን ክፍል ሊያልፈው ይችላል፤ አሮጌ ጠመንጃ፣ ቧንቧው የተቀየረ ወይም ማቀባበያው ከሌላ የመጣ ጠመንጃ የያዘ ግን እንዳያልፈው። የሚያስፈልጉት በትክክል የተሞረዱ የአረብ ብረት መለኪያዎች ናቸው። ለ308 «ጎ» የሚባለው 1.630፣ «ኖ ጎ» የሚባለው 1.634፣ «ፊልድ» የሚባለው 1.638 ኢንች ነው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። መጉረሻውን አጽዱ፤ አንዲት የባሩድ ፍርፋሪ ልኩን ታዛባለች። የመርፌውን ክፍል ከማቀባበያው አውጡ። ማቀባበያው ፊት ላይ በሞላ የሚገፋ ማስፈንጠሪያ ካለ፣ እንደ ሬሚንግተን 700 ማለት ነው፣ እሱንም የያዘችውን ትንሽ ፒን አውጥታችሁ አንሡት። ማውዘር 98 የያዘ ሰው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ማስፈንጠሪያው በማቀባበያው ላይ ሳይሆን በጠመንጃው አካል ላይ ነው። አያቶቻችን ቤልጅግ ሲሉት የነበረው ጠመንጃም የዚሁ የማውዘር ቤተሰብ ነው።

«ጎ»ን ጠርዙ ከማቀባበያው መንጠቆ ሥር እንዲገባ አድርጋችሁ አስገቡትና በሁለት ጣት ብቻ ዝጉ። መዝጋት አለበት። «ኖ ጎ»ን አስገቡ፤ መዝጋት የለበትም። በጉልበት አትሞክሩት፤ ማቀባበያው ትልቅ የመግፋት ኃይል ስላለው መለኪያውን በመጉረሻው ትከሻ ላይ ሊያትመው ይችላል። «ኖ ጎ» ላይ የሚዘጋ ጠመንጃ ወደ ባለሙያ ይሂድ፤ «ፊልድ» ላይ የሚዘጋ ጠመንጃ ደግሞ ባለሙያ ሳያየው አይተኮስበት።

ቧንቧው በዳዶ የሚታሰር ጠመንጃ፣ እንደ ሳቬጅ 110 ያለ፣ ሄድስፔሱን ራሱ ባለቤቱ ሊያስተካክለው ይችላል። ዳዶው ይላላል፤ «ጎ» መጉረሻው ውስጥ ገብቶ ማቀባበያው ይዘጋል፤ ቧንቧው መለኪያውን እስኪነካ በእጅ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ቧንቧው ሳይንቀሳቀስ ዳዶው ይጠብቃል። ዳዶው ሲጠብቅ ቧንቧውን በትንሹ ሊስበው ስለሚችል ልኩ ሁልጊዜ ከጠበቀ በኋላ በሁለቱም መለኪያዎች እንደገና ይታያል። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካልኝም፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ። ዳዶ የሌለው ጠመንጃ ግን የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፤ በቤት ሞረድ የሚነካ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ፕሬስ፣ ሙሉ ልክ የሚመልስ ዳይ፣ ቀለሃ መያዣ፣ የቀለሃ ቅባትና 0.001 ኢንች ማንበብ የሚችል ካሊፐር። በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ በካሊፐሩ መንጋጋ ላይ የሚታሰር፣ ለ308 ቀዳዳው 0.400 ኢንች የሆነ የትከሻ ማነጻጸሪያ። ሆርናዲ የሚሸጠው ስብስብ ውስጥ ይህ መጠን «ዲ» የሚል ፊደል አለው። ዋጋው ከአንድ ካርቶን ጥሩ ቀለሃ ብዙም አይበልጥም፤ መጀመሪያ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ናስ አልጥልም ነበር።

የማነጻጸሪያው ንባብ ከሳሚ ቁጥር ጋር በትክክል አይገጥም ይሆናል፤ የቀዳዳው ጠርዝ አሠራር ይለያያልና። ግድ የለም። እኛ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው፤ በተተኮሰውና በተስተካከለው ቀለሃ መካከል ስንት ሺህኛ አለ? ይህን በትክክል ይነግረናል። በዚህ ምክንያት የእኔን ንባብ ከእናንተ ጋር አታነጻጽሩ።

ደረጃ 1፦ ጠመንጃው ምን እንዳለ ማንበብ

ከራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሱ፣ ከአንድ አምራችና ከአንድ ሣጥን የሆኑ አምስት ቀለሃዎች ውሰዱ። ከተኩስ መለማመጃ ቦታ የተለቀመ ቀለሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሌላ ሰው መጉረሻ ነው የቀረጸው። አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ ቀለሃ መጉረሻውን ሙሉ በሙሉ ላይሞላ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የተተኮሰ ቢገኝ ይመረጣል።

ከመለካታችሁ በፊት ካፕሱሉን አውጡ። ልክ በማይነካ የማውጫ ዳይ ማለቴ ነው፤ ማስተካከያው ዳይ ውስጥ ካስገባችሁት ንባቡ ከእጃችሁ አመለጠ። የተመታ ካፕሱል ትንሽ ወደ ኋላ ሊያብጥ ስለሚችል ቀለሃው ሳይረዝም የረዘመ ያስመስለዋል። አፉ ላይ ጎልቶ የወጣ ነገር፣ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ካለ ጥረጉ። ካሊፐሩን ማነጻጸሪያው እንደታሰረ ዝጉትና ዜሮ አድርጉት፤ ከዚያ ቀለሃውን አስገብታችሁ በቀስታ እያሽከረከራችሁ ትንሹን ንባብ ያዙ።

በእኔ ጠመንጃ አምስቱ 1.631፣ 1.631፣ 1.6305፣ 1.631፣ 1.630 ሆኑ። ብዙውን የደገመውን 1.631ን ወሰድሁ። ግቤ ከዚህ ላይ ከ1 እስከ 2 ሺህኛ ኢንች መቀነስ ነው፤ ማለትም 1.6295 አካባቢ። ሁለት ሺህኛ ኢንች 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ቀጭን ወረቀት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ያቺ የሣጥን ወረቀት እንዳለችው ሳደርግ የነበረው 1.623 ነበር። ስምንት ሺህኛ! በየተኩሱ ናሱ ይህን ያህል ሲለጠጥ ኖሯል።

በራሱ ለሚቀባበል ጠመንጃ 3 ወይም 4 ሺህኛ ይተዋል፤ ሞላው ብቻውን መዝጋት ስላለበት። ባለ ማቀባበያው የእጅ ኃይል ስላለው ጠበቅ ብሎ መኖር ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቅባት

ይህን ክፍል የሚንቅ ሰው የተጣበቀ ቀለሃ ገና አልገጠመውም። ያለ በቂ ቅባት ዳይ ውስጥ የገባ ቀለሃ አይወጣም፤ የፕሬሱን እጀታ በኃይል ብትስቡት ጠርዙ ተገንጥሎ ናሱ ዳዩ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መሰርሰሪያ፣ ጥርስ ማውጫ፣ ብሎን፣ እርግማን።

በሁለት ጣት ቅባቱን ነካ አድርጋችሁ የቀለሃውን ሆድ ከመቀመጫው አንሥቶ እስከ ትከሻው ሥር ድረስ ቀጭን አድርጋችሁ አዳርሱት። ጣት ላይ ማንሸራተት እስኪሰማችሁ እንጂ እስኪያንጸባርቅ አይደለም። ትከሻው ላይ አይድረስ፤ ዳዩ ውስጥ መውጫ ያጣ ቅባት ናሱን ወደ ውስጥ ይቀጠቅጠውና ትከሻው ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ስርጉድ ይተዋል። ትንሽ ስርጉድ ሲተኮስ ይቃናል። የአንገቱን ውስጥ ደግሞ በትንሽ ብሩሽ በጥቂቱ ቀቡት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ላኖሊንና አልኮል ያለው የሚረጭ ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ አልኮሉ ተንኖ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ገና እርጥብ እያለ አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ዳዩን ማውረድ

የዳዩን መሐል ዘንግና የአንገት ማስፊያ ኳስ ለጊዜው አውጡት። ፕሬሱን ከፍ አድርጋችሁ ዳዩ ቀለሃ መያዣውን እስኪነካ አጥብቁ፤ ከዚያ ሩብ ዙር መልሱ። አሁን በዳዩና በመያዣው መካከል ወደ 18 ሺህኛ ኢንች ክፍተት አለ። በዳዩ ራስ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ፤ ያ የሰዓት ቆጣሪ እጃችሁ ይሆናል።

ስሌቱን አንድ ጊዜ ላስቀምጠው። የተለመደው ዳይ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው። አንድ ሙሉ ዙር ስለዚህ 0.0714 ኢንች ይሆናል። የዳዩን ራስ እንደ ሰዓት ገጽ ብታዩት አንድ ደቂቃ ማለት ከ1 ሺህኛ ኢንች ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ይህን ያወቀ ሰው «ትንሽ አጥብቀው» የሚለውን የግምት ቋንቋ ይተዋል።

የመጀመሪያውን ቀለሃ አስገቡና እጀታውን እስከ ታች አውርዳችሁ ሦስት ሰከንድ ያህል ያዙት። አውጡት፤ ቅባቱን ጥረጉ፤ ለኩ። እዚህ ላይ አዲስ ሰው ይደነግጣል፤ የትከሻው ልክ ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ! የእኔ ከ1.631 ወደ 1.634 ሄዷል። ዳዩ አልተበላሸም፣ ካሊፐሩም አልዋሸም። ዳዩ የቀለሃውን ሆድ ከጎን ሲጨምቀው ናሱ መሄጃ ይፈልጋል፤ የላይኛው የዳዩ ክፍል ገና ትከሻውን ስላልነካው ወደ ላይ ይሸሻል። የጥርስ ሳሙና ቱቦን ከመሐል የጨመቀ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በዚህ ልክ ላይ ያቆመ ቀለሃ ከመጉረሻው ስለሚረዝም ማቀባበያው አይዘጋም ወይም በጭንቅ ይዘጋል። «ትንሽ ብቻ አስተካክላለሁ፣ ናሱን አላደክምም» ብሎ ዳዩን ከፍ አድርጎ የሚተወው ሰው አደን ላይ የሚቸገረው በዚህ ነው።

ዳዩን ስድስት ደቂቃ አውርዱ፤ ሌላ የተተኮሰ ቀለሃ ቀብታችሁ አስገቡ፤ ለኩ። አንድ ቀለሃን ደጋግሞ ማስገባት ይቻላል፣ ንባቡ ግን እየተዛባ ይሄዳል፤ ናስ በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራልና። ንባቡ ማደጉን አቁሞ መውረድ ሲጀምር የዳዩ ትከሻ የቀለሃውን ትከሻ አግኝቶታል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በአንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ሂዱ። እኔ ዘንድ 1.634፣ 1.6335፣ 1.632፣ 1.631፣ 1.6305፣ 1.6295 እያለ ወረደ። የዳዩ እርምጃና የንባቡ እርምጃ ሁልጊዜ እኩል እንዳልሆኑ ታያላችሁ፤ ናስ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፕሬስም በጭነት ሥር ይለጠጣል።

1.6295 ላይ ስደርስ ቆምሁ። ቀለሃው በፕሬሱ ውስጥ እያለ፣ እጀታው እንደተጫነ፣ የዳዩን ማሰሪያ ቀለበት አጠበቅሁ። ሳይጫን ብታጠብቁት ዳዩ በጥርሱ ልቅነት ልክ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አዲስ የተተኮሰ ቀለሃ ወስዳችሁ ያው ንባብ መምጣቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ማቀባበያው ይናገር

መርፌውና ማስፈንጠሪያው የወጣለትን ማቀባበያ አሁን እንፈልገዋለን። ባሩድም ካፕሱልም አረርም የሌለበትን የተስተካከለ ቀለሃ አስገብታችሁ እጀታውን ልቀቁት። በራሱ ክብደት ወርዶ ከዘጋ ክፍተት አለ። መጨረሻው ላይ እንደ ለስላሳ ቅቤ ያለ ትንሽ መያዝ ከተሰማ የትከሻው ልክ ከመጉረሻው ጋር እኩል ሆኗል። ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ረጅም ነው። ያለ ጭነት ከሚወርድበት ነጥብ 1 ሺህኛ ተጨማሪ ማውረድ ለአደን ጠመንጃ ይበቃል፤ የኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ ጣት በደነዘዘበት ማለዳ፣ በኃይል የሚዘጋ ማቀባበያ ማንም አይፈልግም።

የተሞላ ጥይት ይዞ ይህን ሙከራ ቤት ውስጥ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ማቀባበያው ይዞ ካስቸገረና ካሊፐሩ ግን ልኩ ደህና ነው ካላችሁ፣ ቀለሃውን በሻማ ጥላሸት ወይም በማርከር አጥቁሩትና አስገብታችሁ አውጡት። ትከሻው ላይ ከተፋቀ ትከሻው ነው፤ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ሆዱ ላይ ከተፋቀ ዳዩ ሆዱን በበቂ አላጠበበውም፤ አፉ ላይ ከተፋቀ ቀለሃው ረዝሟል። ከብዙ ክርክር ይህ ጥላሸት ያድናል።

ደረጃ 5፦ ኳሱን መመለስ

የአንገት ማስፊያውን ዘንግ መልሳችሁ ግጠሙና አንድ ቀለሃ አስገብታችሁ እንደገና ለኩ። ደረቅ አንገት ውስጥ የሚጎተት ኳስ አንገቱን ይዞ ይስባል፤ ትከሻውም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ያን ሁሉ ደክማችሁ ያገኛችሁት 1.6295 በአንድ መሳብ 1.632 ሊሆን ይችላል። እጀታው ሲመለስ የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው የአንገቱን ውስጥ በጥቂቱ መቀባትና ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ልኩ አሁንም ከተንቀሳቀሰ ዘንጉን አውጥቶ አንገቱን በተለየ ዳይ ማስፋት ይሻላል።

ዳዩ የማይታዘዝ ሲሆን

አንዳንዴ ዳዩ መያዣውን ጠንክሮ ነክቶም ትከሻው በቂ አይወርድም። መጀመሪያ ሌላ ቀለሃ መያዣ ሞክሩ፤ የመያዣው ወለል ቁመት በተለምዶ 0.125 ኢንች ነው፤ ግን አንዱ ከሌላው ጥቂት ሺህኛ ሊለይ ይችላል። ካልሆነ የዳዩን ታች በጥቂቱ የማስሞረድ ጉዳይ ነው፤ እሱም የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። በተቃራኒው ዳዩ ከመያዣው ጋር ጠንክሮ እንዲገናኝ እየፈለጋችሁ ትከሻው እንዳይወርድባችሁ ከሆነ፣ ሬዲንግ ቁመታቸው በ2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሺህኛ የጨመረ የመያዣ ስብስብ ይሠራል። ፕሬሱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለሚቆም ከቀለሃ ወደ ቀለሃ ያለው ልዩነት ይጠባል። እኔ ዛሬ የምሠራው በዚህ ነው።

ዳዩ ሳይነካ ልኩ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚቀያየር ከሆነ የናሱን ዕድሜ ተመልከቱ። ደጋግሞ የተተኮሰ ናስ ጠንክሮ እንደ ሞላ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዳዩ ግፊት ያንኑ ቢሆንም ትከሻው ከፍ ብሎ ይቀራል። አንገቱንና ትከሻውን በእሳት ማለዘብ መድኃኒቱ ነው። መቀመጫው ግን ሙቀት አይድረስበት፤ የለዘበ መቀመጫ ግፊት አይችልም፤ ያ ቀለሃ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ከሌላው በምንም አይለይም።

ቁመትና አፍ

ልክ የተመለሰ ቀለሃ ይረዝማል። ለ308 ትልቁ ቁመት 2.015 ኢንች (51.18 ሚሊ ሜትር) ነው፤ ሲያልፍ ወደ 2.005 ይቆረጣል። ቁመቱ ያለፈ ቀለሃ አፉ ከመጉረሻው ጫፍ ጋር ተጋጭቶ አረሩን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ግፊቱም ያሻቅባል። ከተቆረጠ በኋላ የአፉን ስለት ከውስጥም ከውጭም ግፈፉ። ሁልጊዜ ከማስተካከል በኋላ እንጂ በፊት አትቁረጡ።

ከንፈር ያላቸውና ቀበቶ ያላቸው

303 ብሪቲሽ ሄድስፔሱን የሚይዘው በመቀመጫው ከንፈር ነው፤ በቁጥር 4 ሊ-ኤንፊልድ ላይ ልኩ የሚስተካከለው ከ0 እስከ 3 ቁጥር ባላቸው ተለዋጭ የማቀባበያ ራሶች ነው። 300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ መቀመጫው ላይ ባለው ቀበቶ ይይዛል። ይህ ግን ለመጀመሪያው ተኩስ ነው። አንዴ ከተተኮሱ በኋላ ሁለቱንም ልክ እንደ 308 በትከሻቸው አስተካክሏቸው፤ ናሳቸው ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። የእነዚህ መጉረሻዎች ትከሻ ብዙ ጊዜ ለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ዳዩን እስከ ታች ያወረደባቸው ሰው ከእኔም በባሰ ፍጥነት ናስ ይጨርሳል።

ከሣጥኑ በፊት ያለው ፍተሻ

ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ይጠረግ፤ ቅባት የያዘ ቀለሃ መጉረሻውን አይዝም፤ ግፊቱን ሁሉ ማቀባበያው ላይ ያሳርፋል። ከዚያ እያንዳንዱን በመብራት ሥር አሽከርክሩ። ዳዩ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ የሚተወው ሰፊና ደብዛዛ ጭረት ጉዳት የለውም፤ የሚያሰጋው ቀጭኑና ደማቁ ቀለበት ነው። ጥርጣሬ ካለ ሽቦው ይወስናል። ሽቦው የያዘበትን ቀለሃ አፉን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት፤ ሳይጨፈለቅ የተጣለ ቀለሃ በሆነ መንገድ ተመልሶ ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ደርሶብኛል። በሣጥኑ ላይ ስንት ጊዜ እንደተተኮሱ፣ የትከሻው ልክና የትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ጻፉ። በሁለት 308 መካከል እንኳ አይለዋወጡ።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ቀለሃ ጠመንጃ ውስጥ ከተበጠሰ፣ ማቀባበያውን ስትከፍቱ የሚወጣው አጭር ጽዋ የመሰለ ነገር ነው። ሌላ ጥይት አታጉርሱ። ለዚያ ጥይት መጠን የተሠራ የተሰበረ ቀለሃ ማውጫ አለ፤ በተቀረው ናስ ውስጥ ገብቶ አፉን ከፊት ይነክስና ማቀባበያው ሲሳብ ይዞት ይወጣል። ከዚያ በፊት በካቻቢቴ የሚፈለፍል ሰው መጉረሻውን ይጭራል፤ የተጫረ መጉረሻ ደግሞ ቀጣዩን ቀለሃ ሁሉ ይዞ ያስቸግራል። ከዚያው ሣጥን የቀሩትን ጥይቶች ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አረራቸው ተነቅሎ ቀለሃዎቹ በሽቦው እስኪፈተሹ ድረስ አንዱም አይተኮስ።